ምርቃት የማያቋርጥ ሲዲ

እናቴ ለልጄ ሠርግ እንደማትደርስ ገብቷት ነበር። ልትጠይቀን ከጎጃም አዋሳ በመጣች ጊዜ ልጄን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ አሁኑኑ ልመርቃት አለች። ያን ጊዜ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ባለቤቴ ቶሎ ብሎ ቴፑ ውስጥ ባዶ ካሴት ከተተና ድምፅዋን ቀዳው። እኛም ዙሪያዋን ተቀምጠን አሜን አልን። በዓመቱ እናቴ አረፈች።

ያችን ካሴት እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኋት። ሆኖም አንድ ቀን ቴፑ በላት። ጥብጣቡን በጣቴ እያላቀቅሁ አወጣሁና በእስክሪብቶ መልሼ ጠቀለልሁት። ከዚያ ወዲህ እናቴ አንዳንድ ቦታ ላይ ውኃ ውስጥ ሆና የምትናገር ትመስላለች። የልጄ ሠርግ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ፊት ቢበላትስ?

ባንክ የምትሠራው ልጄ፣ ሙሽራዋ ማለቴ ነው፣ ወደ ሲዲ ይገልበጥ፣ ለጥንቃቄም ሁለት ቅጂ ይኑረን አለች። ጥንቃቄ የሚለውን ቃል ከእኔ እንደተማረችው አውቃለሁ። ባዶ ሲዲ መርጦ መግዛት ግን የእኔ ሥራ ሆነ። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ክርስትና የተገለበጠበት ሲዲ ዓመት ሳይሞላው ድምፁ ጠፍቶ ቀርቷል፤ ስለዚህ ማንንም ልልክ አልቻልሁም።

በባጃጅ ወደ ፒያሳ ሄድሁ። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ሲዲዎቹን በዘንግ ላይ እንደ እንጀራ ደራርቧቸዋል። አንዱን ሰጠኝ፤ እንቁላል ስገዛ እንደማደርገው ለፀሐይ አንስቼ አየሁት። ብርሃኑ በውስጡ አልፎ ታየኝ። ሌላ አስወጣሁት። ማሰሮ ሲገዛ እንደሚደረገው በጥፍሬ መታ መታ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁት። አሸተትሁትም።

«እናቴ፣ ሲዲ አይቀቀልም እኮ» አለኝ።

የበሰበሰ እንቁላል ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ፣ ይሄም በውኃ ይፈተን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሁሉም አንድ ነው፣ ሁሉም ኦሪጅናል ነው ብሎ ማለ። መሐላው ሲበዛ እኔ ሐሳብ ይገባኛል። ዓይኔን ሳንከራትት ከኋላው ግድግዳ ላይ ፎቶ አየሁ። ሰውዬው ራሱ፣ የጴንጤ መዘምራን ካባ ለብሶ፣ ከመዘምራኑ ፊት ቆሟል።

«የቤተ ክርስቲያናችሁን መዝሙር የምትገለብጠው በየትኛው ነው?» አልሁት።

አንገቱን አከከ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር ጠንካራ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ሲዲ አወጣና፣ ይሄ ለሽያጭ አይደለም አለኝ።

«እግዜር ለሚሰማው ደኅናውን፣ እኔ ለምሰማው ያን?»

ሳቁን መያዝ አልቻለም። «እርስዎ ኦርቶዶክስ አይደሉ እንዴ? የጴንጤ ሲዲ ምን ያደርግልዎታል?»

«ባዶ አይደለም? ባዶ ምን ሃይማኖት አለው?»

ሰማያዊውን አንድ ብቻ ሸጠልኝ፤ ለሁለተኛው ቅጂ ከዘንጉ ላይ አነሳልኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁለቱንም አስገለበጥሁና እናቴን በሁለቱም ሰማኋት። ሁለቱም ጥሩ ነበሩ፤ የሰማያዊው ግን ልቤን አሳረፈው።

እንግዲህ አንድ ጠንቃቃ ሴት ደኅና ዕቃ ስታገኝ ምን ታደርጋለች? ቡፌ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ለእንግዳ የተገዙት ብርጭቆዎቼ እንግዳ ሲመጣም አይወጡም፤ ይሰበሩብኛላ። በሠርግ ድንኳን ቢራ ይደፋል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ስለዚህ ሰማያዊውን ከብርጭቆዎቹ መሀል ሸሸግሁትና የዘንጉን ለሚዜዎቹ ሰጠሁ።

ልጄ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። ሚዜዎቹ ድምፅ ማጉያውን ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ እኔም የእናቴን ነጠላ አለበስሁት። ሙሽሮቹ ፊቱ ተንበረከኩ። የእናቴ ድምፅ ድንኳኑን ሲሞላው ብዙ ሰው አለቀሰ።

«እግዜር ይባርክሽ።»

«አሜን» አለ ሰው ሁሉ።

«ትዳርሽን የአብርሃም የሣራ ያድርግልሽ።»

«አሜን።»

«ውለጂ…»

«አሜን።»

«ውለጂ… ውለጂ… ውለጂ…»

ሲዲው ተያዘ። ሰውም ልማድ ነውና በያንዳንዱ አሜን ይላል። የሽማግሌ ምርቃት እንዴት ያለ አሜን ይታለፋል? አንዱ ሚዜ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ የሙሽራው አጎት በከዘራቸው ከለከሉት፤ ምርቃት አይቋረጥም አሉ። የሙሽራው እናት አሜናቸው ከሁሉ በላይ ይሰማል፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነው። ሙሽራው ግን በያንዳንዱ «ውለጂ» አንገቱ ወደ ትከሻው እየገባ ነበር። ልጄ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አየሁ።

መብራት ጠፍቶ ገላገለን። የሐዋሳን መብራት ያመሰገንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ወንድ ወለደች። ቀጥሎ መንትያ። ቀጥሎ አሁንም መንትያ። አማቼ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ነገሩ ሁሉ ከዘንጉ ሲዲ የመጣ ነው ይላል። ልጄ ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰች፤ የእናቴ ምርቃት «ውለጂ፣ ክበጂ» ነበር። ሲዲው የመጀመሪያው ላይ ተይዞ ቀርቶ ሀብቱ ሳይመረቅላት ቀረ። ለዚህ ነው በአንድ ክፍል ቤት ተጣብበን የምንኖረው አለችኝ።

በሁለተኞቹ መንትዮች ክርስትና ቡፌውን ከፍቼ ሰማያዊውን አወጣሁ። የት ነበር ብላ አፈጠጠችብኝ። ከብርጭቆዎቹ ጋር አልኋት። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለጋትም፤ ስታውቀኝ ነው የኖረችው። ብቻ ማጫወቻውን በእጇ ያዝ አድርጋ፣

«እማዬ፣ ከ‹ውለጂ› በኋላ ካለው ጀምሪው» አለችኝ።

ምርቃት አይቆራረስም አልሁና ከመጀመሪያው ከፈትሁት።

«ውለጂ» አለች እናቴ፣ አንድ ጊዜ። ካሴቱ ላይ ያለን እኛ አሜን አልን፤ ቤት ውስጥ ያለን እኛ ግን አንዳችንም አልተነፈስንም። ልጄ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ክበጂ» አለች እናቴ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

አማቼ አሜን ሲል መንትዮቹ ነቅተው አለቀሱ።