መስታወቱ ላይ የቀረው ገጽ

እትዬ ክዳን ደንበኛ በሸኘች ቁጥር የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ክዳን ከፍ አድርጋ መስታወቱን ታያለች። አየት አድርጋ ትመልሰውና ጎኑን በመዳፏ ቸብ ታደርገዋለች፣ ጎበዝ እንደ ማለት። ሰው ኮፒው ላይ ዓይኑን ይጥልና ዋናውን ረስቶት ይሄዳል። የልደት ካርድ የረሳ አለ፣ የቤት ካርታ የረሳ አለ። አንድ ጊዜ ሁለት አዲስ ተጋቢዎች የጋብቻ የምስክር ወረቀታቸውን መስታወቱ ላይ ጥለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። እሷም ወረቀቱን እያውለበለበች መንገድ ለመንገድ ሮጠች። «ክዳኑን አንሱ እንጂ፣ ትዳራችሁ እኮ እዚህ ቀርቷል» ስትል የሰማ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ እትዬ ክዳን ሆነ።

ኮፒ ቤቷ ከደረጃ ሥር የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ማሽኑ ከገባ ሰው ለመግባት ጎኑን ማዞር አለበት። በስስ ግድግዳ የሚለያት ጎረቤቷ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ቀን ሙሉ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ ጎንበስ ብሎ ይውላል። የሰጡት ሰዓት መቼ እንደሚደርስ ሲጠየቅ ቀና ሳይል «አንድ ደቂቃ» ይላል፤ ሰዓቱ የሚደርሰው ግን ባለቤቱ ሌላ ከገዛ በኋላ ነው። ጋሽ ደቂቃ የሚሉት ለዚህ ነው።

ጋሽ ደቂቃ አንድ ትርጉሙ የማይገባ አመል ነበረው። በየሳምንቱ መጥቶ መታወቂያውን ኮፒ ያስነሳል።

«ጌታው፣ ይሄን ሁሉ ኮፒ ምን ታደርገዋለህ?» ትለዋለች።

«አይጠፋም አይባልም።»

«ይጥፋ ቢባል እንኳ እንዴት ይጠፋል? አንድ መንደር የሚያለብስ ኮፒ አለህ።»

እሱም ሒሳቡን ከፍሎ፣ ስለ አየሩ አንድ ቃል ጣል አድርጎ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ይወጣል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ጋሽ ደቂቃም ሚስት ሳያገባ ፀጉሩ ሸብቷል። እሷ ሞኝ አይደለችም፤ መታወቂያው ሰበብ መሆኑን ካወቀች ሰንብታለች። ያላወቀችው ሰውየው ከሰበቡ አልፎ አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ይናገር እንደሆነ ነው።

ይህን ማወቅ ደግሞ አስቸኳይ ሆነባት። ሌላ ከተማ ያለች ልጇ በደወለች ቁጥር «እማ፣ ማሽኑን ሽጪውና ነይ፣ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፤ ወሰንሽ?» ትላታለች። ገዢም ተገኝቷል፤ መጥቶ ማሽኑን እንደ በሬ ዞሮ ዞሮ አይቶታል። እትዬ ክዳን «የማታው ትምህርት ሲያልቅ መልስ እሰጥሻለሁ» ብላ ጊዜ ገዛች።

የማታው ትምህርት እንግሊዝኛ ነበር። እሷ የተመዘገበችው ማሽኑ ሲያኮርፍ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። ጋሽ ደቂቃ ከእሷ ኋላ ተመዘገበ፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ሰዓቶቹም የሚመጡት ከውጭ ነው» አለ።

አስተማሪዋ ገና ወጣት ናት። አንድ ቀን ለክፍሉ የሚነበብ የቆየ የአሜሪካ አጭር ልቦለድ ይዛ ኮፒ ቤት መጣችና «እትዬ፣ ለሁሉም እንዲደርስ አባዢልኝ» ብላ ትታላት ሄደች። እትዬ ክዳን ማሽኑ እየጎረሰ ሲያወጣ እሷ እየተንተፋተፈች ማንበብ ያዘች።

ታሪኩ ገጠር ውስጥ ፊት ለፊት ስለሚኖሩ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና አንድ ወንደላጤ ገበሬ ነው። ገበሬው በየሳምንቱ ከሴትዮዋ መሰላል ይዋሳል፤ በማግስቱ ይመልሳል፤ ሲመልስ ደጃፏ ላይ ትንሽ ቆሞ ስለ ዝናብ ያወራል። ጎተራው ውስጥ ግን የራሱ ደህና መሰላል አለው። አንድ ቀን ሴትዮዋ ቤቷን ሸጣ ወደ እህቷ ልትሄድ መሆኑን ትነግረዋለች። እሱም ሻንጣዋን ተሸክሞ ባቡር ጣቢያ ያደርሳታል። እዚህ ላይ እትዬ ክዳን ማሽኑን አቆመችና የመጨረሻውን ገጽ ቆማ አነበበች። ሰውየው ሻንጣውን ባቡሩ ላይ ሰቀለ፣ ባርኔጣውን አነሳ፣ ቤቱ ገብቶ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። አለቀ።

«ወይ ነዶ» አለች ለማሽኑ።

ይህን ገጽ ለጋሽ ደቂቃ የምትሰጠው ሞኝ ብትሆን ነው። ወንድ ልጅ ዝም ብሎ መሸኘትም ያምርበታል ብሎ ቢማርስ? ለራሷ አንድ ኮፒ አነሳች፣ ቤቷ መዝገበ ቃላት ይዛ በደንብ እንድትናደድበት። የክፍሉ ግን ያለ መጨረሻ ገጽ እንዲሄድ ወሰነች። ኮፒዋን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ስትሸጉጥ ጋሽ ደቂቃ መታወቂያውን ይዞ ከች አለ፤ ወዲያው ደግሞ የልጇ ስልክ ጮኸ። ተደናግራ «ኮፒውን ራስህ አንሳው» አለችውና ስልኩን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ስትመለስ ሰውየው ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሄዷል። እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፍ አድርጋ አየች። መስታወቱ ላይ ምንም የለም። ጎኑን ቸብ አደረገችው።

ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ ወረቀቷን ገለበጠች። «እትዬ፣ የመጨረሻው ገጽ የታለ?»

«ማሽኑ በላው፣ ልጄ። አንዳንዴ ይርበዋል።»

አስተማሪዋ አሰበችና ፈገግ አለች። «እንዲያውም ጥሩ። እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ፣ አልነግራችሁም። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነው? ጣቢያው ላይ ይናገራል ወይስ አይናገርም?»

መጀመሪያ የተነሳው አንድ የታክሲ ሹፌር ነው። «ቋጣሪ ነው። የራሱን መሰላል ላለማስረጀት የሰው ይዋሳል።»

«የወደዳት አይመስልህም?» አለች አስተማሪዋ።

«ከወደዳት ምን ይጠብቃል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ቢሉት፣ እንቁላሉ እስኪሄድ ሴትዮዋ ልትጃጅ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። እትዬ ክዳን አልሳቀችም፤ ከኋላ ወንበር የሚመጣ ድምፅ ትጠብቅ ነበር። ድምፁም መጣ፤ ጋሽ ደቂቃ ብድግ አለ። ትምህርቱ ከተጀመረ ሳይጠሩት ሲነሳ የመጀመሪያው ነው።

«ሰውየው ይናገራል» አለ።

«መቼ?» አለ ሹፌሩ። «ባቡሩ ከሄደ በኋላ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

«ሳይሄድ። ዘገየ እንጂ አልተወም። መሰላል ተሸክሞ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ዝም ብሎ አይቀርም።»

«ማስረጃ ከጽሑፉ?» አለች አስተማሪዋ፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ።

«ማስረጃ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል።

በዚህ መሀል አንዲት ነርስ እጇን አወጣች። «እኔ ያልገባኝ፣ ሁላችንም ሰውየውን እንመረምራለን። ሴትዮዋ አፍ የላትም እንዴ? ለምን እሷ አትናገርም?»

«ክብር አላት» አለች እትዬ ክዳን፣ ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ። «ሴት ልጅ መሰላል አበድራ፣ ደጃፍ ቆማ አዳምጣ፣ ንግግሩንም እሷው ትጨምርለት? ሞቷ ነው።»

«ክብሯን ይዛ ትሳፈራ» አለች ነርሷ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አስተማሪዋ ወደ እትዬ ክዳን ጠጋ አለች። «ዋናውን ገጽ ግን እንዳትጥዪብኝ። አስተማሪዬ የሰጡኝ ነው፤ ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አምጪልኝ።»

እትዬ ክዳን በማግስቱ ዋናውን ልታወጣ ብትሄድ ከወረቀቶቹ መካከል የለም። መሳቢያውን ገለበጠች፣ የወረቀት ካርቶኑን አራገፈች፣ ማሽኑን ገፍታ ከኋላው አየች። ያላት ደረቷ ውስጥ የሸጎጠችው ኮፒ ብቻ ነው። ስትፈልግ ሰነበተች። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ የማሽኑ ገዢ «ነገ ጠዋት ሰው ይዤ መጥቼ ልጫነው?» ብሎ ደወለ። «ማታ እነግርሃለሁ» አለችው።

ስልኩን ስትዘጋ ጋሽ ደቂቃ በጎኑ ገባ። ከሸሚዝ ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ክዳኑን ሳነሳ መስታወቱ ላይ አገኘሁት» አለ። «ደንበኛ ትቆጫለሽ፣ አንቺም ትረሻለሽ።»

እትዬ ክዳን ወረቀቱን ዘርግታ አየችው። ዋናው ነው። ፊቷ ጋለ።

«አንብበኸዋል?»

«መዝገበ ቃላት ይዤ።»

«ሰውየው ዝም እንደሚል እያወቅክ ነው ክፍል ውስጥ ይናገራል ብለህ የተሟገትከው?»

«ደራሲው ተሳስቷል» አለ ጋሽ ደቂቃ። «አንቺስ ለምን ደበቅሽው?»

«ማሽኑ...»

«በልቶት ነበር።»

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይሏል ይሄ ነው። ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳቁ ሲበርድ በግድግዳው ማዶ የሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ ተሰማ።

ማሽኑ አልተሸጠም። ልጇ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቆይታ «እማ፣ እሱ ሰዓቴን ይሠራልኛል?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ወሬውን ሲሰማ ነርሷ አጨበጨበች፤ የታክሲ ሹፌሩ ሰውየው መናገሩን ባያምንም እትዬ ክዳንን ቤቷ ለማድረስ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ጋሽ ደቂቃ ማስረጃ አገኘህ ወይ ሲባል «አንድ ደቂቃ» ይላል።

እትዬ ክዳን ይህን ሁሉ ታሪኩን ለምትጽፈው ለእህቷ ልጅ ስትነግራት «እንዳለ ጻፊው» አለቻት። ገጹን መደበቋን፣ ዋናውን መርሳቷን፣ ደንበኛ መቆጣቷን ጭምር። «አንዲት ነገር ብቻ ተይልኝ። የተናገረው እሱ ነው በይ።»

የሆነው እንዲህ ነው። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ደቂቃ አፉን ከፈተና «አንድ ደቂቃ» አለ። እትዬ ክዳን ጠበቀች። ደቂቃዋ አለፈች። እሱ አንገቱን ደፍቶ መታወቂያውን ከኪሱ አወጣና ክዳኑን አንስቶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠው። እሷ አነሳችውና የራሷን መሳቢያ ከፍታ ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ ከእንግዲህ እዚህ ይቀመጥ» አለች። «ምን ያመላልሰዋል።»

«እኔስ?» አለ ጋሽ ደቂቃ።

«አንተም። መጀመሪያ ግን ክዳኑን መልሰው።»