ማንም ሳያባርረን ሠላሳ ኪሎ ሜትር

በፈረንጆቹ 2014 መጀመሪያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች የታፈሱበት ትልቁ አፈሳ ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ከሪያድ ጀራዲያ ሰፈር ተነስቼ በሩጫ ወደ ሰናኢያ፣ ወደ ፋብሪካዎቹ መንደር ሄድኩ። ዓላማዬ አንድ ነገር ማጣራት ነበር፤ በረጅም ልምምድ ላይ እግር ሳይዝል ጭንቅላት ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ስለ ሩጫ የሚጽፉ ሰዎች መንገዱ ሰላም ይሰጣል ይላሉ። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ የሰጠኝ የጉልበት ሕመም ብቻ ነው።

አብሮኝ የሚሮጠው ከድር የወሎ ልጅ ነው፤ ሠላሳን ያለፈ ልስን ሠራተኛ። እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኪሴ ውስጥ አለ። እሱ የለውም። አገሩ ይግባ ወይስ አንድ ዓመት ይጨምር ሲያመነታ ከርሞ ነገሩን ለእግሩ ትቶታል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሳያቆም ከጨረሰ፣ እሑድ ወደ አገር ለሚመልሱት፣ ለተርሂል፣ እጁን ይሰጣል። ሦስት ዓርብ ሞክሮ ሦስቴም ሃያ አራተኛው ላይ ቆሟል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጀራዲያ

ከሱብሂ ሶላት በኋላ መንገዱ ባዶ ነው። የተሚስ ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ምድጃውን አቀጣጥሏል። በአንድ ሪያል አንድ ገዝተን ተካፈልንና ተነሳን። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጭንቅላት ጨዋ ነው፤ የቆሙ መኪኖችን ይቆጥራል፣ የፎቆቹን ቀለም ያማል።

1 ሰዓት ተኩል፣ ሰናኢያ መዳረሻ

አንድ የፋብሪካ አጥር ጋ ስንደርስ ወደ መጣንበት ዞርን። ጭንቅላቴ እዚህ ጠባዩን ለወጠ፤ እንደ ጠበቃ ማስረጃ ይደረድር ጀመር። ጉልበትህ፣ ዕድሜህ፣ ደግሞስ ማን ላከህ?

«አንተ ምን ታስባለህ?» አልኩት ከድርን።

«እስከሚቀጥለው የመብራት ምሰሶ ድረስ ነው የማስበው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ ምሰሶ አለ፣ ጋሼ። ያላ፣ ወሬ ትንፋሽ ይበላል።»

ሞከርኩት። ካነበብኩት ሁሉ ይሻላል።

2 ሰዓት ተኩል፣ ሃያ አራተኛው ኪሎ ሜትር

ከድር ዛሬ አልደከመም። ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም። ነዳጅ ማደያው አጠገብ ስምንት የሚሆኑ ያገራችን ሰዎች የቀን ሥራ ይጠብቃሉ። ሁለት ሐበሾች በሩጫ ሲመጡ አዩ። አንዱ ብድግ አለ። ወዲያው ሁሉም አካፋቸውን ጥለው ወደ ባዶው ሜዳ ፈረጠጡ።

«ወንድሞቼ፣ ስፖርት ነው» እያለ ከድር ተከተላቸው። በተከተላቸው መጠን ፍጥነታቸው ጨመረ።

ከድር መንገዱን አየ፤ ሰዎቹን አየ። ከዚያ ቆመና አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ፖሊስ የሚያሳድደው ሰው አይቀመጥም፤ አንድ በአንድ ተመለሱ። መጨረሻ የመጡት ጢማቸው የሸበተ ሰው ሲሮጡ ወድቀው መዳፋቸው ተልጧል።

«ማን ነው የሚያባርራችሁ?»

«ማንም፣ አባባ። ልምምድ ነው።»

«ኢቃማ አለህ?»

«የለኝም።»

«ማንም ሳያባርረው የሚሮጥ ወይ ኢቃማ ያለው ነው፣ ወይ ያበደ። እንግዲህ ራስህ ምረጥ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ከድርም እየሳቀ የቀረንን ውሃ መዳፋቸው ላይ አፈሰሰላቸው።

ወደ ጀራዲያ

የቀረውን በእግራችን አዘገምን። ሠላሳው አልሞላም፤ በራሱ ሕግ አንድ ዓመት መጨመሩ ነው።

«ይሄ አይቆጠርም፤ በሚቀጥለው ዓርብ ድገመው» አልኩት።

«አያስፈልግም። ያን ሦስት ጊዜ ደክሞኝ አይደለም የቆምኩት። ከጨረስኩ መሄዴ ነዋ፤ ፈርቼ ነው። ዛሬ ግን ልጨርስ ነበር። እሱን አወቅኩ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ያወጣኝን ጥያቄ እሱ እንደመለሰልኝ ገባኝ። ጭንቅላት ርቀቱን ይችለዋል፤ የሚፈራው ሲደርስ የሚጠብቀውን ነው።

ከድር እሑድ ሄደ። በቀጣዩ ዓርብ ብቻዬን ወጣሁ። ማደያው ጋ ስደርስ ሩጫዬን ገታሁ፤ ሰላምታ ሰጥቼ በእርጋታ አለፍኩና ከዓይናቸው ስርቅ እንደገና ሮጥኩ። በዚህ አያያዜ ሠላሳን ሳላቆም አልጨርስም።