ቀኝ እግሩ እንዲተርፍ

አቃቂ ውስጥ የፈረንጅ ውሻ ቡችላ ይዞ መውጣት ራስን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ ነው። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ በዚያች መንገድ የሚወርድብኝ ምክር ግን ለአንድ ወር ይበቃል። «ይሄ ውሻ አይበላም እንዴ?» ትላለች አንዷ። ጎሚስታው ጎማ እየነቀለ «አጥንት ስጪው፣ አጥንት!» ይላል። ባለሱቁ ደግሞ ወተት በእንቁላል መትተሽ አጠጪው ባይ ነው። ለውሻው ሁሉም ያዝናል፤ ለእኔ ያዘነ የለም።

ቡችላውን ያመጣሁት ለአባቴ ነበር። አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ፣ እናቴም ካረፈች ወዲህ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው የሚውለው። እኔ ማለዳ በሰርቪስ ወደ መሀል ከተማ ወጥቼ የምመለሰው ሲመሽ ነው። ግቢያችን ከከባድ መኪና ማቆሚያ ጀርባ ስለሆነ ሌባ አያጣውም። የውሃ ቆጣሪያችን እንኳ፣ አባቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ ዜና እየሰማ፣ ተፈቶ ተወስዷል። ስለዚህ ግዙፍ ውሻ ፈለግሁ። ሻጩ የእናቱን ቁመት በእጁ እስከ ወገቡ ሲያሳየኝ ሳላቅማማ ገዛሁት።

አራት ወር ሲሞላው የፊት እግሮቹ ከአንጓቸው ወደ ውጭ መታጠፍ ጀመሩ። ቀጥ ብሎ ሲቆም አንዱ መዳፉ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ወደ ገላን ያመለክታል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ እግሩን ዳሰሰች፣ ጎኑንም ዳሰሰችና «ወፍሯል» አለችኝ። መንደሩ ሁሉ የተራበ የሚለውን ውሻ! እንዲህ ያሉ ትልልቅ ዘሮች አጥንታቸው ሳይጠና ሥጋቸው ይቀድማል፣ ክብደቱም እግራቸውን ያጣምመዋል አለች። ቀስ ብሎ ይደግ፣ የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳሰስ ይቆጠር፣ ካልሲየም የሚባል ነገር ደግሞ በፍጹም አትጨምሩለት፣ ሲበዛ አጥንቱን ያበላሸዋል ብላ አስጠነቀቀችኝ።

አንድ የድልህ ጣሳ መስፈሪያ አደረግሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በየማለዳው ከቤት ስወጣ «አባዬ፣ ጣሳዋን ብቻ። ካልሲየም የለ፣ አጥንት የለ» እለዋለሁ። «እሺ» ይለኛል። የአባቴ እሺ ክርክር መዝጊያ እንጂ መስማማት እንዳልሆነ ተወልጄ ካደግሁበት ቤት ማወቅ ነበረብኝ።

እግሩ ባሰበት። ያልተናደድኩበት ሰው አልነበረም። በሩ ላይ «ለውሻው ምግብ አትስጡ» ብዬ ለጠፍኩ። ጎረቤታችን በአጥር በኩል አጥንት ስትወረውር ያየኋት መስሎኝ የማይባል ነገር ተናገርኳት፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም። ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ፤ ራጅ ተነሳ። ስለ ሰገራው ጠየቀችኝና ነጭ፣ እንደ ኖራ ደረቅ መሆኑን ነገርኳት።

«ካልሲየም የሚሰጠው ሰው አለ» አለች። «የግራው አልፎበታል፤ ጠማማ ሆኖ ይቀራል። የቀኙ ግን ገና ነው። የሚሰጠው ነገር አሁኑኑ ከቆመ ሊተርፍ ይችላል።»

ቅዳሜ ዕለት ዕቃ ቤቱን ገለባበጥኩት። ከከሰሉ ጀርባ ግማሽ ማዳበሪያ ነጭ ዱቄት አገኘሁ፤ የሾርባ ማንኪያ ተሰክቶበታል። መኖ መሸጫዎቹ ዶሮ ለሚያረቡ ሰዎች የሚሸጡት፣ የእንቁላል ቅርፊት እንዲጠነክር የሚሰጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ካልሲየም ማለት ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። እዚያው ከሰሉ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። «ዘሩ ነው አሉ» ብዬ ልዋሸው ቃጣኝ፤ ሽማግሌ ሰው ምን ያደርግለታል ብዬ። ግን ዘሩ ነው ካልኩት ዱቄቱን አይተውም፤ ብደፋበትም ሌላ ይገዛል። ቀኝ እግሩ የሚተርፈው አባቴ የግራውን ማን እንዳጣመመው ሲሰማ ብቻ ነበር።

ማዳበሪያውን እየጎተትኩ በረንዳው ላይ ከተቀመጠበት ሄድኩ። «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለእግሩ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ቅርፊት ያጠነከረ አጥንት ያቅተዋል?»

«ስንት ጊዜ ነገርኩህ? እግሩን ያጣመመው ይሄ ነው። የግራው ከእንግዲህ አይቃናም።»

ማንኪያውን ከዱቄቱ አውጥቶ በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

«አንቺም እንደዚህ ነበርሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት አልፎሽ ስትቆሚ ጉልበትሽና ጉልበትሽ አይገናኝም። እናትሽ የሌሊት ፈረቃ ስለነበረች ቀን ትተኛለች፣ እኔ ሥራ ነኝ፤ ሠራተኛዋ በር ዘግታብሽ ትውላለች። ፀሐይ ከየት ታገኚ? የፋብሪካው ጤና ጣቢያ ይዤሽ ስሄድ ነርሷ በሰልፈኛው ፊት ‹ሰውዬ፣ ይቺን ልጅ ምን እያበላሃት ነው?› አለችኝ። የፋብሪካው ሰው ሁሉ ይሰማል።»

ይህን ሰምቼ አላውቅም። እግሮቼን አየኋቸው፤ ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ያኔ አሳነስክ ተባልኩ» አለ። «ዛሬ ደግሞ አበዛህ።»

አሳዘነኝ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ይህን አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ዕቃ ቤቱን መጀመሪያ እፈትሽ ነበር። ከጎረቤት አልቆራረጥም ነበር። የግራ እግሩም ምናልባት ይተርፍ ነበር። ይህንኑ አንድ በአንድ ነገርኩት።

«የቀኙስ?» አለ ብቻ።

«ከተውክ ይተርፋል ብላለች።»

ቡችላው ድምፃችንን ሰምቶ እያነከሰ መጣ። የቀኑን ድርሻ ጨርሷል። አፍንጫውን አባቴ ጭን ላይ ጥሎ ያለቃቅስ ጀመር። የአባቴ እጅ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ፤ ለካ ዳቦም አለ። ባዶ እጁን ከኪሱ አወጣና ሁለቱንም እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው።

«ውሰጅልኝ ከዚህ» አለኝ፣ ውሻውን ሳያየው። «እጄን አላምነውም።»