ለእማዬ እንዳይነገር

አዲስ አበባ ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ፣ እማዬ የሠርጓን የአንገት ሀብል ከሣጥኗ አውጥታ በገዛ እጇ አጠለቀችልኝ። አባቴ ያደረገላት ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ አንገቷ ላይ አይቼው አላውቅም። እኔ ጉደኛዋ ደግሞ ወደ ሜልበርን ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ታክሲ ስሳፈር በጥሰው ወሰዱብኝ።

ከወንድሜ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃሌን ሰጠሁ። ስንወጣ የተማማልነው አንድ ነገር ነው፤ ለእማዬ እንዳይነገር። እኛ ቤት ክፉ ወሬ ለእናት አይነገርም፤ ግፊቷ ይነሳል፣ ልቧ ይሰበራል ተብሎ ይደበቃል። በማግስቱ አንገቴን በነጠላ ጥምጥም አድርጌ ተሰናበትኳት።

ሜልበርን፣ ፍሌሚንግተን ያለው ቤቴ እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ያንን ሀብል የሚመስል አርቴፊሻል መግዛት ነው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ስንገናኝ ሀብልሽን አድርገሻል ወይ ትለኛለች፤ እኔም አገጬን ቀና አድርጌ አሳያታለሁ። ልጄ ከጎኔ ሆና «ጀስት ቴል ኸር»፣ በቃ ንገሪያት፣ ትለኛለች። እዚህ የተወለደ ልጅ ምን ያውቃል እላለሁ በሆዴ።

የጉዞ ኢንሹራንሱ ደግሞ የፖሊስ ማስረጃ ካላመጣሽ ክሌምሽን፣ የካሳ ጥያቄሽን፣ አናይም አለኝ። ወንድሜን ጣቢያ ላኩት። ኮፒ የምንሰጠው ለራሷ ወይም ውክልና ላለው ሰው ነው ብለው መለሱት። ውክልናው ደግሞ ካንቤራ ኤምባሲ ይረጋገጥ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ እንደገና ይረጋገጥ። ኧረ የት አባቱ፣ ይቅርብኝ ልል ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቀን ላቨርተን ኖርዝ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ብሬክ ወጥቼ ሻይ ስጠጣ ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። የፖሊስ ማስረጃው ነው፤ ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በደስታ ልዘል ስል ከግርጌው «ተረካቢ፦ የአመልካቿ እናት» የሚል አነበብኩ። ከጎኑ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሻዩን አስቀምጬ ስልኬን አነሳሁ።

ስደውልለት ወንድሜ እየሳቀ ነገረኝ። የተሰረቅኩ ዕለት አንዲት ጎረቤት «እንኳን ነፍሷ ተረፈ» ልትል መጥታ ኖሯል፤ እማዬ ከመነሻው ታውቃለች። እኛ ለእሷ ስንደብቅ እሷ ለእኛ ስትደብቅ ከረመች። ስለ ውክልናው በስልክ ስናወራ ሰምታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ጣቢያ ሄደች። ፖሊሱ ውክልና ሲላት፣ «እኔ ወልጃታለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ውክልና አለ?» ብላ አግዳሚው ላይ ቁጭ። ምሳ ሰዓት ደርሶም አልተነሳች። መቼም ሰው ነውና የገዛ እናቱ ትዝ ብላው ይሆናል፣ አሻራዋን ተቀብሎ ማስረጃውን ሰጣት።

እሑድ ደረሰ። ምን እንደምላት ጨንቆኝ ያንኑ አርቴፊሻል አድርጌ ደወልኩ።

«አሁንስ አውልቂው» አለችኝ ገና ስታየኝ፤ «አንገትሽን ያሳክክሻል።»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት አላስጨረሰችኝም።

«የሰጠሁሽ አንገትሽ ላይ ላየው ነበር፤ አየሁት። ኢንሹራንሱ ከከፈለሽ ሌላ ወርቅ እንዳትገዢበት፤ ትኬት ቁረጪበት። ባዶ አንገትሽን ነይልኝ።»

ኢንሹራንሱን አልጠበቅኩም፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ።