ለፍልስፍና የወጣ ዕጣ

ሮማንወርቅ ልጇን ስታሳድግ ቀን በቀን የምትላት አንድ ነገር ቢኖር «አትፈላሰፊብኝ» ነው። ጫማሽን አውልቂ ስትባል ለምን፣ ጸልዪ ስትባል ማን ይሰማል፣ ተኚ ስትባል እንቅልፍ ምንድን ነው የምትል ልጅ ነበረች። ያቺው አርሴማ አድጋ ዩኒቨርሲቲ የምገባው ፍልስፍና ላጠና ነው ብላት አረፈች። እናት ምን ትበል! ዕድሜ ልኳን የከለከለችውን ነገር እንግሊዞች ዲግሪ ሊሰጡበት ነው።

ሮማንወርቅ ለንደን፣ ካምደን ያለ ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኞች ምግብ ታድላለች። አልበላም ያለውን ሽማግሌ ሳይቀር ተቆጥታ የምታጎርስ፣ ሥራዋ ላይ ቆራጥ ሴት ናት። ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ያለው ቤቷ ስትገባ ግን ያ ሁሉ ቆራጥነት በር ላይ ይቀራል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እዚያ ቤት ያሉት እሷና አርሴማ ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ ልጅቷን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏት፤ አንዱ እዚሁ ለንደን፣ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ፤ ሌላው ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ። አንዱን መርጣ አክሰፕት የምታደርግበት ቀን እየደረሰ ነው።

ሮማንወርቅ ልጇ እንዳትሄድባት ትፈልጋለች። አትሂጂ ብሎ የልጅን ዕድል መዝጋት ደግሞ ነውር ነው፤ እንዲህ ያለች እናት ተብሎ ስሟ ሲነሣ አስባው ገና ላብ ያጠምቃታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ስለዚህ የትኛው ይሻላል እያለች ያላማከረችው ሰው የለም። ጓደኛዋ አስካለማርያም ፍልስፍና የትም ተማሩት የት እንጀራ አያበላም፣ ቅርቡ ይሻላል አለች። አብራት የምትሠራው ነርስ ደግሞ ልጅ የሚበስለው ከቤት ሲርቅ ነው አለች። የኢንተርኔቱ ደረጃማ ጉድ ነው፤ አንዱ ለንደንን ያስቀድማል፣ አንዱ ኤዲንብራን።

ሁለቱንም ሄደው ጎበኙ። የለንደኑ መምህር ይህ ጠረጴዛ መኖሩን በምን እናውቃለን ብሎ ጠየቀ። ያን ሁሉ መንገድ በባቡር ተጉዘው ኤዲንብራ ቢደርሱ፣ የዚያኛውም መምህር ጥያቄ ስለ ጠረጴዛ ሆነ። ሮማንወርቅ ፊቷ ያለውን ጠረጴዛ በጣቷ ቆርቆር አድርጋ፣ እነዚህ ሰዎች ደህና ናቸው ወይ ብላ አሰበች። ከሁለቱ ምን ይመረጣል? አርሴማም እንደሆነ ከአፏ ነገር አይወጣም። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ አንቺ ያልሽው ይሁን ትላለች። ለንፋሱም ለዝናቡም ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ፣ እዚህ ላይ ዝም።

በመጨረሻ ሮማንወርቅ ዕጣ ይውጣበት አለች። ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል፤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅቷ ትስቅብኛለች ብላ ስትፈራ፣ አርሴማ ሳትከራከር እሺ አለች። እንዲያውም ማታ ስትጸልይ አየቻት። እናት ይህን ስታይ የባሰ ግራ ገባት።

ቅዳሜ አርሴማ ካምደን ገበያ ልብስ ስለምትሸጥ፣ ሮማንወርቅ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ገብረሚካኤል ብቻዋን ሄደች። አባ የሁለቱን ከተማ ስም ጽፈው ወረቀቶቹን ጠቀለሉ፤ ረጅም ጸሎት አደረሱና አንዱን አነሡ። ኤዲንብራ። ሮማንወርቅ የቀረውን ወረቀት በጣቷ አመለከተች።

«አባ፣ አንዴ ይድገሙልኝ። በደንብ አልተደባለቀ ይሆናል።»

«ልጄ፣ እስኪስማማሽ ድረስ ከደገምነውማ ምኑን ዕጣ ሆነ?» አሏት።

አውቶቡስ ላይ ሐሳቧ አላርፍ አለ። የወጣው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ወይስ ለአባ ጣት የቀረበው ወረቀት? ፈቃዱ ከሆነስ ብቻዬን እንድቀር ፈረደብኝ ማለት ነው? አርሴማ እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ቢሆንም ቤቷ እስክትደርስ እውነቱን ልትናገር ቆርጣ ነበር። በሩን ስትከፍት ልጅቷ ከሥራ ገብታ ቆማ ትጠብቃለች። ምን ወጣ አለቻት።

«ለንደን» አለች ሮማንወርቅ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሏል ይኼ ነው።

አርሴማ እሺ አለች። ለምን የለ፣ እንዴት የለ። የእናቷን ካፖርት ተቀብላ ሰቀለች፣ እራት አቀረበችላት፣ ከዚያ ታጥቦ የተቀመጠውን ሳህን አንሥታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ሮማንወርቅ ልጄ ቀረችልኝ ብላ ልትደሰት ሞከረች፤ ደስታው ግን ከየት ይምጣ! የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ከጸሎት ተነሥታ መጥታ ነው የዋሸችው፣ ያውም ለገዛ ልጇ። አፈረች።

«አርሴማ፣ ዋሽቼሻለሁ። የወጣው ኤዲንብራ ነው።»

አርሴማ ቧንቧውን ዘጋችው፤ አልዞረችም ግን። ሮማንወርቅ ቁጣ ጠበቀች፤ ቁጣው አልመጣም። ያን ጊዜ ነው የገባት፦ የትኛው ይሻላል እያለች ለንደንን ስታዳርስ ከርማ፣ የትኛውን ትፈልጊያለሽ ብላ ልጇን አንድ ቀን አልጠየቀቻትም።

«አንቺ የትኛውን ነው የምትፈልጊው?»

«ኤዲንብራ» አለች አርሴማ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ታዲያ አፍ አልነበረሽም? ዕጣውን እሺ ያልሽው ለምንድን ነው?»

አርሴማ እጇን እያደራረቀች ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ትቼሽ ልሂድ ማለት አቃተኝ፣ ማሚ። እግዚአብሔር ይንገርልኝ ብዬ ነው።»

ሮማንወርቅ ሳህኑን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«እሱማ ነግሮኝ ነበር» አለች።