ጎማዬን የበላው በሬ

ዛሬ የመኪናዬን ጎማ በሬ በላብኝ።

መኪናዬ ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደ አሮጊት ናት፤ በሽቦና በጠፍር እያሰርኩ እነዳታለሁ።

እህቴን ወባ ይዟት ከሽንፋ ወደ መተማ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት፣ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ጎማውን ጉቶ ቀደደው። ትርፍ ጎማ ስለሌለኝ ደረቅ ሣር ጠቀጠቅሁበት።

ውኃ ቀድቼ ስመለስ አንድ በሬ ሣሩን በቀዳዳው እየመዘዘ ይበላል። እህቴ መኪናዋ ላይ ተኝታ ታየዋለች።

«አታባርሪውም?»

«ርቦት ነዋ» ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ገና ዛሬ ነው። ልቆጣ የነበርኩት ሰውዬ አብሬ ሳቅሁ።

የበሬው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ አፍረው በሬውን ከጓደኛው ጋር ጠምደው መኪናዋን አሰሩበት።

«ሣርህን በልቷል፣ ልጄ፤ ይጎትታላ» አሉኝ።

እህቴ እስከ ሐኪሙ በር ድረስ በሬውን «አይዞህ» ስትለው ነበር።

ጎማውን በበላ በሬ የተጎተተ ከእናንተ መካከል አለ?