ኮከብ ያልነበረው ባንዲራ

ኮረብታዋ በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እኛ «ቀይዋ» እንላት ነበር። አፈሯ ቀይ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ የመቶ መሪ ነበርኩ። መቶ የሚባለው እንኳ በስም ነው፤ ያን ቀን ሠላሳ አራት ነበርን።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ ሕንጻችን ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች በባንዲራ ተጣልተው እንድዳኛቸው እኔ ቤት ስለመጡ ነው። አንዱ ዓርማ የሌለውን ልሙጡን፣ ሌላው ኮከብ ያለበትን በረንዳው ላይ ሰቅሎ፣ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። «አባባ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ፤ ትክክለኛው የቱ ነው?» አሉኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የደረሰን ትእዛዝ ግልጽ ነበር። «ቀይዋን በንጋት ያዙ። ከያዛችሁ ዓርማ ያለበትን ባንዲራ አናቷ ላይ ትከሉ። እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ካላየነው መድፋችን ይመታታል።» ጠላት ከድሮ ጦር ሰፈር ያገኘውን ልሙጥ ባንዲራ ሰቅሎ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አታሎን ነበር። ስለዚህ አዛዡ ደግመው አስጠነቀቁ፦ «ልሙጥ ካየን የጠላት ነው ብለን እንመታለን።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ምሽጉን ያዝን። ስድስት ሰው ሞተብን። ባንዲራውን ሳንተክል ሞርታር ወረደብን። ሬዲዮው፣ ሬዲዮ የሚይዘው ልጅና በሻንጣው ውስጥ የነበረው ባንዲራ አብረው ነደዱ። ጠላት ሁለት ጊዜ መልሶ አጠቃን፤ ሁለቱንም ጊዜ መከትነው። ሌላ ስድስት ሰው ሄደ። በቀለ የሚባል እግረ ፈጣን ወታደር መልእክት ይዞ ወደ ወገን ወረደ። ሜዳው መሃል ሲደርስ ወደቀ። ሁላችንም እያየን ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ስቆጥር ሃያ ነን። ከፊታችን ጠላት፣ ከኋላችን የራሳችን መድፍ። ፈራሁ፤ አልዋሽም።

ሃምሳ አለቃ ደስታ እንደ እኔ የቀድሞው ጦር አባል ነበር፤ ተበትኖ እንደገና የተጠራ። ሸሚዙን ገልጦ ከወገቡ ላይ ልሙጥ ባንዲራ ፈታ። በድሮው ጦርነት ታናሽ ወንድሙ ሲሞት አስከሬኑን ያለበሰው በዚያ ነበር። ሲቀበር አንስቶ ታጠቀው፤ ከዚያ ወዲህ ከወገቡ ለይቶት አያውቅም።

«ይኸው፣ እንስቀለው» አለ።

«ልሙጥ ነው፤ ይመቱናል» አልኩት።

ያኔ ሙሄ ጣልቃ ገባ። ሙሄ ወላጆቹ ከወሎ የመጡ፣ እሱ አቃቂ የተወለደ ልብስ ሰፊ ነው። ከዘመቻው በፊት ለመሥሪያ ቤቶች ባንዲራ ከሚሰፋው አባቱ ጋር ይሠራ ነበር። ከወታደር ሸሚዙ ሥር ሰማያዊ የሥራ ቱታውን ለብርድ ይደርባል፤ መርፌና ክርም ከኪሱ አይጠፋም።

«ጋሽ ደስታ፣ ይስጡኝ። ከቱታዬ ክብ ቆርጬ መሃሉ ላይ ልስፋበት። ከሩቅ ዓርማ ይመስላል።»

«ወንድሜን ያለበስኩበትን ልትጥፍ?»

«ጋሼ፣ አባቴ አንበሳውን ከነዘውዱ ሰፍቷል። ዘውዱ ይነሳ ሲባል ያለ ዘውድ ሰፋ። አንበሳው ቀርቶ ማረሻ ያለበት መጣ፤ እሱንም ሰፋ። ከዚያ ልሙጥ ሆነ፣ ከዚያ ኮከብ። በተቀየረ ቁጥር የድሮውን ይተረትርና አዲሱን ይለጥፋል። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው።»

«ላንተ ጨርቅ ነው። እኔ ወንድሜን ሰጥቼበታለሁ።»

የቀድሞው ጦር ሰዎች ከደስታ ጎን ቆሙ። ጥቂቶቹ ከሙሄ ጋር ሆኑ። ጥይት እያፏጨብን፣ ሞት እያየን፣ ስለ ባንዲራ ተጯጯህን። ሙሄ ወደ እኔ ዞሮ «አለቃ፣ ይዘዙት!» አለኝ። ሦስት ጊዜ አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። እንዲህ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

በመጨረሻ ሁለት እግሩን የተመታ አንድ ወታደር ከተኛበት «ጋሽ ደስታ፣ መድፉ ሲመጣ እኔ መሮጥ አልችልም» አለ። ደስታ አየው። ከዚያ ባንዲራውን ለሙሄ ወረወረለት።

«ስፋ» አለው።

ሙሄ ቱታውን በጩቤ ቆርጦ ተቀመጠ።

«ኮከቡስ?» አልኩት።

«ለኮከብ ጊዜ የለም።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው መጣ። የራሳችንን መድፍ በድምፁ እናውቀዋለን። ምሽጉ ተናደ። ሰው ከአፈር ጋር ተቀላቀለ። ሙሄ ጎንበስ ብሎ ይሰፋል፤ አፈር ያራግፋል፤ ይሰፋል። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ደስታ ነጥቆት ወጣ። በአካፋ እጀታ ላይ አስሮ ተከለው፣ ሥሩን በድንጋይ ደገፈ። አንድ የመድፍ ጥይት አጠገቡ ወደቀ። ከዚያ በኋላ መድፉ ዝም አለ፤ አልተተኮሰም።

ስንደርስ ደስታ ሞቷል። የምናለብሰው ፈለግን። ባንዲራውን እንዳናነሳ መድፉ ይመለሳል። ደራሽ ጦር እስኪመጣ ድረስ ሳይሸፈን አፈር ላይ ተኝቶ፣ የወንድሙ ባንዲራ ከራሱ በላይ ሲውለበለብ ዋለ። በማንም መንግሥት ያልታወጀ ባንዲራ ነበር፤ ሰማያዊ አለው፣ ኮከብ የለውም።

ሙሄ ዛሬ አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ሲንጀር መኪና ይሰፋል። በተገናኘን ቁጥር አንድ ነገር ይለኛል፦ «አለቃ፣ እነዚያን ሰባቱን በመድፋችን ያስጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ነፋስ እንዳይቀደው ብዬ አጥብቄ ሰፋሁት። አራርቄ ብወጋው ኖሮ በሰዓቱ ይደርስ ነበር።» እኔም ሁልጊዜ «የፈጣሪ ውሳኔ ነው» እለዋለሁ።

ልጆቹን በሸኘሁ ማግስት በሰቃ ሄድኩ። ሙሄ ሱሪ እያሳጠረ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኩት።

«ሙሄ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። ማዘዝ እችል ነበር፤ ሃያውን ደቂቃ ያባከንኩት እኔ ነኝ። ልቤ ከደስታ ጋር ነበር። እኔም ያ ባንዲራ እንዲነካ አልፈለግኩም።»

መኪናውን አቆመ። «ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ። ስፌቱን አልቀጠለም። እኔም ወጣሁ።

ሠላሳ አራት ሆነን ወጣን፤ አሥራ ሦስት ተመለስን። ከሞቱት ሃያ አንድ ሰዎች አሥራ አራቱን ጠላት ገደላቸው። ሰባቱ ከስምንት ሰዓት እስከ ስምንት ከሃያ ባለው ጊዜ በራሳችን መድፍ አለቁ። ደስታ አንዱ ነው። እግሩን የተመታው ወታደር ሌላው ነው። የቀሩት አምስቱ በዚያ ክርክር ውስጥ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር።